የድሮ ፊልም ኮከቦች ግርማ ሞገስ ምንድን ነው?

በደብረ ማርቆስ ወይም በባሕር ዳር የቆየ የቤተሰብ አልበም ሲገለጥ አንድ ነገር ዓይን ይይዛል። በጥቁርና ነጭ የተነሱት ሴቶች ፊታቸውን ትንሽ ወደ ጎን መልሰዋል። አገጫቸው ቀና ብሏል። ዓይናቸው ካሜራውን አያይም፤ ራቅ ወዳለ ነገር ነው የሚያየው። ወንዶቹ ፀጉራቸውን ከፍለው አበጥረዋል። አንዱ እጁን አገጩ ሥር አድርጓል፤ ሌላው ኮቱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጓል። ቤታቸው እንዲህ ተቀምጠው አያውቁም። ፎቶ አንሺው ነው «እንዲህ ሁኑ» ያላቸው። እሱስ ከየት አመጣው? እኔ እንደሚመስለኝ ከሲኒማ ነው። የፊልም ተዋናዮች ምስል ከሆሊውድ፣ ከካይሮና ከቦምቤይ እየተነሳ በፖስት ካርድ፣ በመጽሔትና በፖስተር ሩቅ ሩቅ አገር ገብቷል።

እነዚያን ተዋናዮች ስናይ «ምን ዓይነት ሰው ናት!» የሚያሰኘን ግርማ ሞገስ ምንድን ነው? ከምንስ ይሠራል?

ቁንጅና ብቻ አይደለም። ቆንጆ ሰው ሞልቷል። በጥምቀት ዕለት ሹሩባዋን ተሠርታ፣ ጥልፍ ቀሚሷን ለብሳ፣ ኩሏን ተኩላ ታቦት የምታጅብ የጎጃም ልጅ ከየትኛዋም ተዋናይ አታንስም። ኮከብነት ግን ሁለት ነገር ይፈልጋል። አንደኛው በባለሙያ እጅ የሚሠራ ድምቀት ነው። ሁለተኛው የሰውዬው የራሱ ጠባይ ነው። የመጀመሪያውን ብዙ ሰው ተሰብስቦ ይሠራዋል። ሁለተኛውን ማንም አይሠራውም። ሁለቱ አንድ ሰው ላይ ሲገናኙ ነው ኮከብ የምንለው።

ከሚሠራው ልጀምር። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ከ1920ዎቹ እስከ 1950ዎቹ ሆሊውድ ውስጥ ተዋናይ ማለት የስቱዲዮ ተቀጣሪ ማለት ነበር። ውሉ ብዙ ጊዜ እስከ ሰባት ዓመት ይደርሳል። ስቱዲዮው ተዋናዩን በየጊዜው ማሰናበት ይችላል። ተዋናዩ ግን በፈለገው ጊዜ ጥሎ መሄድ አይችልም። ምን ፊልም እንደሚሠራ፣ ምን እንደሚለብስ፣ ለጋዜጠኛ ምን እንደሚናገር የሚወስንለት ስቱዲዮው ነው። ስሙን ሳይቀር ይቀይሩለታል። ኖርማ ጂን ማሪሊን ሞንሮ ሆነች። አርቺባልድ ሊች የሚባለው እንግሊዛዊ ኬሪ ግራንት ተባለ። ህንድ ውስጥም እንዲሁ ነው፤ ዩሱፍ ካን ዲሊፕ ኩማር፣ ሙምታዝ ጀሃን ደግሞ ማድሁባላ ተብለው ነው ያወቅናቸው። ማርጋሪታ ካንሲኖ ሪታ ሄይወርዝ ስትባል ደግሞ ከስሟ አልፎ ፊቷም ተነካ። ግንባሯ ሰፋ እንዲል የፊት ፀጉሯን በኤሌክትሪክ ነቀሉላት፤ ቀሪውንም ቀይ ቀለም ቀቡት። የልብሱ ነገር ራሱን የቻለ ሙያ ነበር። ኢዲት ሄድ የተባለችው የልብስ ዲዛይነር በዚህ ሥራ 8 ኦስካር ወስዳለች።

ከሁሉም በላይ የሚያስደንቀኝ ግን መብራቱ ነው።

ጀርመናዊቷን ማርሊን ዲትሪሽን እንውሰድ። ዳይሬክተሯ ጆሴፍ ፎን ስተርንበርግ ነበር። ከ1930 እስከ 1935 ሰባት ፊልም አብረው ሠርተዋል። ዋናው መብራት ከፊቷ ትይዩ፣ ከፍ ብሎ ይሰቀላል። ብርሃኑ ከላይ ሲወርድ ጉንጯ ሥር ጥላ ይጥላል፤ የጉንጯ አጥንት ጎልቶ ይወጣል። አፍንጫዋ ሥር ደግሞ የቢራቢሮ ክንፍ የምታክል ትንሽ ጥላ ትቀራለች። የፎቶ ሰዎች እስከ ዛሬ «የቢራቢሮ መብራት» የሚሉት ይህንን ነው። ሌላ መብራት ከኋላ ፀጉሯን ይነካዋል። ያን ጊዜ የፀጉሯ ዳር ያበራል፤ ከጀርባዋ ካለው ጨለማም ተለይታ ትወጣለች። ዓይኗ ውስጥ የምትታየው ነጭ ነጥብም በአጋጣሚ የመጣች አይደለችም፤ የመብራቱ ነጸብራቅ ናት። እሷ ከጠፋች ዓይኑ የሞተ ይመስላል። ዲትሪሽ ይህን ሙያ ቆማ ስትሠራ ተማረችው። በኋላ ከሌሎች ዳይሬክተሮች ጋር ስትሠራ መብራቱ የት መሆን እንዳለበት ራሷ ታውቅ ነበር።

ፎቶውም እንደዚሁ ነው። ጆርጅ ሃረል የሚባል ፎቶ አንሺ በ1930ዎቹ ኮከቦቹን በትልቅ ካሜራ ያነሳ ነበር። ኔጌቲቩ፣ ማለትም ፎቶው የሚታተምበት ፊልም፣ 20 በ25 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ኔጌቲቩ ይህን ያህል ሲሰፋ በእርሳስ ሊሠሩበት ይቻላል። ጆአን ክራውፎርድ ፊቷ ጠቃጠቆ የበዛበት ነበር። በታተመው ፎቶ ላይ ግን አንድም አይታይም፤ በእርሳስ አንድ በአንድ ጠፍቷል። የእኛም ፎቶ ቤቶች ይህን ጥበብ ያውቁት ነበር። ኔጌቲቭ በእርሳስ ያስተካክላሉ፤ የታጠበውን ጥቁርና ነጭ ፎቶ ከንፈሩንና ጉንጩን በቀለም ይነካኩታል። እናቶቻችን በዚያ አልበም ውስጥ ያማሩት ስለዚህም ጭምር ነው። ይህን መናገር እነሱን ማሳነስ አይደለም። አንድ ባለሙያ ቁጭ ብሎ ፊታቸውን አጥንቶ፣ የሚያምርበትን ማዕዘን ፈልጎላቸዋል። ይህ ክብር ነው።

እንግዲህ ስቱዲዮዎቹ ይህን ሁሉ ካወቁ ለምን ሁሉንም ተቀጣሪ ኮከብ አላደረጉም? በየዓመቱ ስንት ቆንጆ ልጅ ፈርሞ ገብቷል። ያው መብራት፣ ያው ልብስ፣ ያው ፎቶ አንሺ ነበረው። አብዛኛው ተረሳ። ሁለተኛው ነገር፣ ጠባይ፣ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።

ሃምፍሪ ቦጋርት ረጅም አልነበረም። ላይኛው ከንፈሩ ላይ ጠባሳ ነበረው፤ ሲናገርም ትንሽ ይኮላተፋል። ግን ክፍል ውስጥ ሲገባ ብዙ አይቶ ዝም ያለ ሰው መሆኑ ያስታውቃል። ሴትም ወንድም ዓይኑን ከእሱ አያነሳም። ቤቲ ዴቪስ በዘመኑ መለኪያ ቆንጆ አትባልም ነበር። ትልልቅ ዓይኖቿ ላይ ግን ንዴትም፣ ፍርሃትም፣ ምቀኝነትም እንደ ልብ ይፈራረቃሉ። ሌሎቹ መልካቸው እንዳይበላሽ ሲጠነቀቁ እሷ ለክፉ ሴት፣ ለአስቀያሚ ሴት ሚና ፊቷን ሰጠች።

ካትሪን ሄፕበርን ደግሞ ለእኔ ከሁሉም የበለጠች ናት። ሴት ቀሚስ ብቻ እንድትለብስ በሚጠበቅበት ዘመን ሱሪ ለብሳ ትመጣለች። ጋዜጠኛ አታባብልም። በ1938 የሲኒማ ቤት ባለቤቶች ማኅበር ስሟን ከእነ ግሬታ ጋርቦ፣ ከእነ ዲትሪሽና ከእነ ክራውፎርድ ጋር በማስታወቂያ አውጥቶ «ገበያ የሚገድሉ» አላቸው። ሌላ ሰው ቢሆን ይቅርታ ጠይቆ ጠባዩን ይቀይራል። እሷ ወደ መድረክ ተመለሰች። የተሳካላትን ቴአትር የፊልም መብት እጇ ውስጥ አስገባች፤ ከዚያ ለስቱዲዮው የሸጠችው ዋናዋ ተዋናይ ራሷ እንድትሆን አስማምታ ነው። ፊልሙ በ1940 ወጣ፤ ተሳካለት። በሕይወት ዘመኗ በትወና 4 ኦስካር አገኘች። ሴትዮዋ ስክሪን ላይ ቀጥ ብላ ስትራመድ ያ ሁሉ ታሪኳ አብሯት ይራመዳል።

ጋርቦ ሌላ ዓይነት ናት። በ1933 «ንግሥት ክርስቲና» በተባለው ፊልም መጨረሻ ላይ ካሜራው ቀስ ብሎ ወደ ፊቷ ይቀርባል። ፍቅረኛዋ ሞቷል፤ ዙፋኗን ትታለች፤ መርከብ ላይ ቆማለች። ዳይሬክተሩ ሩበን ማሙሊያን ምንም እንዳታስብ፣ ፊቷንም ባዶ እንድታደርገው ነገራት። እሷም እንደዚያ አደረገች። ተመልካቹ ግን ባዶ ፊት አላየም። አንዱ ሐዘን አየ፤ ሌላው ጀግንነት፤ ሌላው ነፃነት። ያልተነገረውን ተመልካቹ ራሱ ሞላው።

ይህ ነገር ለጎጃም ሰው እንግዳ አይመስለኝም። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሲተረክ የነበረውን ጊዜ ትልልቆቻችን ያስታውሱታል። ሰብለ ወንጌል ያኔ ድምፅ ብቻ ነበረች። ፊቷን ያሳየ ስክሪን አልነበረም። እያንዳንዱ ቤት ግን የራሱ ሰብለ ነበረችው፤ የራሱን ዓይን፣ የራሱን አንገት ሰጥቷታል። ትልቅ ኮከብም እንደዚያ ቦታ ይተውልናል። ስለ ራሱ ሁሉንም አይናገርም። ጋርቦ በ1941 በ36 ዓመቷ ፊልም አቆመች፤ እስከሞተችበት እስከ 1990 ድረስ ተመልሳ አልሠራችም። ሰው ግን ሲናፍቃት ኖረ።

የህንዶቹን ነገር ሳላነሳ ባልፍ ትልልቆቻችን ይቀየሙኛል። ራጅ ካፑርና ናርጊስ «አዋራ» የተባለውን ፊልም የሠሩት በ1951 ነው። ቋንቋውን የሚሰማ ሰው በእኛ አገር ጥቂት ነው። ግን ራጅ ካፑር ባርኔጣውን ዘንበል፣ ሱሪውን ጠቅለል አድርጎ ሲሄድ ድሃ መሆኑም፣ ልቡ ደግ መሆኑም ያለ አስተርጓሚ ይገባል። በኋላ የቪዲዮ ቤት ዘመን ሲመጣም ያው ነው። አግዳሚ ላይ ተጣበን ተቀምጠን፣ አንድ ቃል ሳይገባን፣ ማን እንደሚያፈቅር፣ ማን እንደሚከዳ ከፊታቸው እናነብ ነበር። ማድሁባላን ያየ ሰው ፈገግታዋን አይረሳም። ልቧ ላይ ከተፈጥሮ የመጣ ቀዳዳ ነበረባት። በ1960 የወጣውን ታላቁን የነገሥታት ፊልሟን የሠራችው በዚያ ሕመም ሆና ነው፤ በ1969 በ36 ዓመቷ አረፈች።

ግርማው ዋጋ ያስከፍል ነበር፤ ይህን ሳያውቁ ማድነቅ ጎዶሎ ነው። ጁዲ ጋርላንድ ገና ልጅ ሳለች እንዳትወፍርና እንዳትደክም ክኒን ይሰጧት ነበር። ክኒኑ ዕድሜዋን ሙሉ አልለቀቃትም። ሃቲ ማክዳንኤል በ1940 ኦስካር የወሰደች የመጀመሪያዋ ጥቁር ተዋናይ ናት። ሽልማቷን ልትቀበል የመጣችው ግን ከሥራ ባልደረቦቿ ተለይታ፣ ለብቻዋ በተዘጋጀላት ጠረጴዛ ተቀምጣ ነው። ሌላዋ ጥቁር ተዋናይ ሊና ሆርን ደግሞ በፊልሞቹ ውስጥ የምትዘፍንበት ክፍል ለብቻው ይቀረጽ ነበር፤ በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ሲታይ ቆርጠው እንዲያወጡት። ጥቁሩ ተዋናይ ሲድኒ ፖይቲየር በዋና ተዋናይነት ኦስካር እስኪወስድ ድረስ እስከ 1964 መጠበቅ ነበረበት። ኦሊቪያ ዴ ሃቪላንድ ደግሞ ስቱዲዮዋን ከሰሰች። ሚና አልቀበልም ያለችበትን ጊዜ እየቆጠሩ ውሏ ላይ ይጨምሩባት ነበር። በ1944 የካሊፎርኒያ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ፈረደላት፤ ሰባት ዓመት ማለት ሰባት የካሌንደር ዓመት ነው ተባለ። በ1948 ደግሞ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ትልልቆቹ ስቱዲዮዎች የሲኒማ ቤቶቻቸውን እንዲለቁ የሚያደርግ ውሳኔ ሰጠ። ቴሌቪዥን ሲጨመርበት የድሮው ሥርዓት ቀስ በቀስ ፈረሰ።

የዛሬዎቹ ተዋናዮች ጎበዞች አይደሉም ማለቴ አይደለም። ግን የሚበሉትን፣ የሚጣሉትን፣ የተኙበትን አልጋ ሳይቀር ስልካችን ላይ እናያለን። የምንሞላው ባዶ ቦታ አልቀረም። ያኔ ኮከቧ የምትታየው በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ ነው፤ እሱም በጨለማ ቤት፣ ከሰው ቁመት በሚበልጥ ፊት።

ከሁሉም መካከል ለእኛ አገር የቀረበችው ኦድሪ ሄፕበርን ናት (ከካትሪን ጋር ዝምድና የላቸውም)። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሆላንድ ውስጥ በልጅነቷ ተርባለች። በ1953 በወጣ አንድ ፊልም ኦስካር አገኘች፤ ቀጭን አንገቷና ሰፊ ዓይኗ የዘመኑን የቁንጅና መለኪያ ቀየረው። ከዚያ በ1988፣ በእኛ 1980 ዓ.ም.፣ ከዩኒሴፍ ጋር የመጀመሪያ ጉዞዋን ያደረገችው ወደ ኢትዮጵያ ነው። መቀሌ ሄዳ ወላጅ ያጡ ልጆችን አየች። ስለ ረሃብ ስትናገር ከመጽሐፍ ያነበበችውን አልነበረም። እስከሞተችበት እስከ 1993 ድረስም ይህን ሥራ አልተወችም። ያ በፊልሞቿ ላይ የምናየው ርኅራኄ የመብራት ሥራ ብቻ እንዳልነበር ለእኔ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም።

ለመጀመር ለሚፈልግ ሰው የምመክረው በ1963 የወጣውን «ሻሬድ»ን ነው። ኦድሪ ሄፕበርንና ኬሪ ግራንት አብረው አሉበት። ፊልሙ ሲወጣ የባለቤትነት ማስታወቂያው በትክክል ስላልተጻፈበት አሜሪካ ውስጥ የሕዝብ ንብረት ሆኗል፤ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛል። ግራንት ዕድሜው ወደ 60 እየተጠጋ ነበር። ከእሱ በጣም የምታንስ ልጅ ማሳደድ ስላልወደደ ጽሑፉ ተስተካክሎ እሷ እንድታሳድደው ሆነ። ያንን ልብ ብላችሁ እዩት፤ እሷ ስትቀርብ እሱ እንዴት እየሳቀ ወደ ኋላ እንደሚል።