ቄስ ዊሊያም ሻው እና ቤተሰባቸው፦ ከሳሌም ሰፈራ እስከ ሚስዮኑ ሰንሰለት

ቄስ ዊሊያም ሻው (1798–1872) በደቡብ አፍሪካ ምሥራቃዊ ኬፕ የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያንን የተከሉ አገልጋይ ናቸው። በ1820 ከብሪታንያ ሰፋሪዎች ጋር የሰፈራው ቄስ ሆነው ደረሱ። ከሦስት ዓመት በኋላ ባለቤታቸውንና ልጆቻቸውን ይዘው ድንበሩን ተሻግረው ወደ ኮሳ ሕዝብ ገቡ፤ በሰባት ዓመትም ስድስት የሚስዮን ጣቢያዎች ተከትለው ተተከሉ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሻው በዚያ ዘመን ለንደን ላለው የሚስዮን ኮሚቴ በጻፉት ደብዳቤ፣ እሳቸው ካሉበት ቦታ ተነሥቶ እስከ ቀይ ባሕር ሰሜናዊ ጫፍ ድረስ፣ መሀል አገር ካለችው ከላታኩ በቀር አንድም የሚስዮን ጣቢያ እንደሌለ፣ ክርስቲያን የሚባል ሕዝብም ከሐበሾች በስተቀር እንደማይገኝ ያሳስባሉ። አንድ የ20ዎቹ ዕድሜ ወጣት በአህጉሩ ደቡብ ዳርቻ በጭቃ ቤት ተቀምጦ ካርታውን ሲያስብ ዓይኑ ያረፈው በእኛ አገር ላይ ነው። ታሪካቸው በአማርኛም መነገር የሚገባው አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ ሌላው መጨረሻው አካባቢ ይመጣል።

ወደ ኬፕ ጉዞ

ሻው በታኅሣሥ 1798 ስኮትላንድ ውስጥ ግላስጎው ተወለዱ። አባታቸው ወታደር ስለነበሩ ልጅነታቸው በጦር ሰፈር ዙሪያ አለፈ። በወጣትነታቸው የሜቶዲስቶችን ኅብረት ተቀላቀሉ፤ በ1817 መጨረሻም በዕድሜ የምትበልጣቸውን አን ሞውን አገቡ።

ናፖሊዮን ከወደቀ በኋላ በብሪታንያ ሥራ አጡ በዝቶ ነበር። ፓርላማው በ1819 ሰዎችን ወደ ኬፕ ወስዶ ለማስፈር 50,000 ፓውንድ መደበ፤ ወደ 4,000 የሚጠጋ ሕዝብም ሄደ። አንድ ቡድን 100 ቤተሰብ ከሞላ የራሱን ቄስ ይዞ እንዲሄድ፣ ደመወዙንም መንግሥት እንዲከፍል ተፈቀደ። የለንደን ሜቶዲስቶች የተሰባሰቡበትና በመሪው ስም ሴፍተን የተባለው ቡድን 344 ነፍስ ነበረው፤ ቄሱም የ21 ዓመቱ ሻው ሆኑ። በየካቲት 1820 ከአንና ከጨቅላ ልጃቸው ጋር አውሮራ በተባለችው መርከብ ተሳፍረው በግንቦት አልጎዋ ባሕረ ሰላጤ ደረሱ።

ወደብ አልነበረም። ከመርከብ የወረደው ሰው በጠፍጣፋ ጀልባ ተጭኖ፣ በገመድ እየተሳበ ማዕበሉን ካለፈ በኋላ የመጨረሻዋን እርምጃ በሰው ትከሻ ነበር የሚሻገራት። ከዚያ በበሬ የሚሳቡ ጋሪዎች ቤተሰቡን ከነጓዙ ጭነው ሣር ሜዳ ላይ ያራግፉና ይመለሳሉ፤ የሚቀረው የመንግሥት ድንኳን፣ ሣጥኑና ሜዳው ብቻ ነው። የአውራጃው ሹም ኮሎኔል ካይለር ሰፋሪዎቹን ሲሰናበት፣ ስታርሱ ጠመንጃችሁን ቤት ጥላችሁ እንዳትወጡ ብሎ መከራቸው ይባላል። ይህን ያወሳው በልጅነቱ ከሰፋሪዎቹ ጋር የመጣውና በኋላ ራሱም የሜቶዲስት ቄስ የሆነው ሄንሪ ደግሞር ነው።

የማን መሬት?

ሰፋሪዎቹ የተሰጣቸው አገር ዙርቬልድ፣ ማለትም ኮምጣጣ የሣር አገር፣ ይባል ነበር። ሣሩ በሞቃቱ ወቅት ለከብት ይስማማል፤ ብርዱ ወቅት ሲገባ ግን ምግብነቱን ያጣል። ኮሳዎች ከብታቸውን እንደ ወቅቱ ያዘዋውሩ የነበረው ለዚህ ነው። በ1811 እና 1812 የኮሎኔል ጆን ግራሃም ጦር ወደ 20,000 የሚገመቱ ኮሳዎችን ቤታቸውን እያቃጠለ፣ አዝመራቸውን እያወደመ ከፊሽ ወንዝ ማዶ አባረራቸው። የጉኑክዌቤ ጎሣ አለቃ የነበሩት አረጋዊው ቹንግዋ በዚያ ዘመቻ ታመው በተኙበት ተገደሉ። በ1819 የኮሳዎች ነቢይ ማካንዳ ብዙ ሺህ ተዋጊ አሰልፎ የቅኝ ግዛቱን የጦር ሰፈር ግራሃምስታውንን በቀን ብርሃን ገጠመ፤ ተሸነፈ፤ ወደ ሮቢን ደሴት ተጋዘ፤ በ1820 ከደሴቱ ሊያመልጥ ሲል ሰጠመ። የሰፈራው ዋና ዓላማ ይህን ባዶ የተደረገ መሬት በሰው አጥር መሙላት ነበር። ለንደን ላይ ስማቸውን ያስመዘገቡት አናጢዎችና ጫማ ሰፊዎች ይህን አልተነገራቸውም።

የቹንግዋ ስም መያዝ አለበት። ሻው በኋላ ድንበር ተሻግረው ወንጌል ሊሰብኩላቸው የሄዱት ለልጆቻቸው ነውና።

ሳሌም

የሴፍተን ቡድን መጀመሪያ ካረፈበት ተነሥቶ በሐምሌ 1820 አሳጋይ ቡሽ ወንዝ አጠገብ ሰፈረ፤ ቦታውንም ሳሌም አለው። ስሙ የመልከ ጼዴቅ ከተማ ስም ነው፤ ትርጓሜውም ሰላም።

ለጎልማሳ ወንድ 100 ኤከር፣ ማለትም 40 ሄክታር ገደማ፣ ተሰጠ። ለእንግሊዝ ገበሬ ሰፊ የነበረው ይህ መሬት በኮምጣጣ ሣር አገር ቤተሰብ አያኖርም። በዚያ ላይ የመጀመሪያውን ዓመት ስንዴ ዋግ መታው። የሁለተኛውንም ዋግ መታው። የሦስተኛውንም። በ1823 ደግሞ ከባድ ጎርፍ የተረፈውን ጭቃ ቤትና አዝመራ ጠራርጎ ወሰደ። ዋግ የመታው ማሳ ምን እንደሚመስል የእኛ ገበሬ አሳምሮ ያውቀዋል፤ ዛላው ቆሞ ሳለ ፍሬ የለውም። ብዙ ሰፋሪ ማረሻውን ጥሎ ወደ ቀድሞ ሙያው፣ ወደ ከተማና ወደ ንግድ ተመለሰ።

ሻው በእነዚህ ዓመታት የሠሩት ሥራ የሚያስደንቅ ነው። የእሳቸው ምእመናን ሳሌም ላይ ቢሆኑም ሌሎቹ ቡድኖች በመላው ኦልባኒ አውራጃ ተበትነው ነበር። በፈረስ ከሰፈር ሰፈር እየዞሩ በድንኳንና በዛፍ ጥላ ሰበኩ፤ ራሳቸው በማይደርሱበት ደግሞ ከምእመናን መካከል የሚሰብኩ ሰዎችን መርጠው በየሳምንቱ በተራ አሰማሩ። የሜቶዲስት አሠራር ብርታቱ እዚህ ላይ ነው፤ ጫማ ሰፊው በሳምንቱ ቀናት ቆዳውን ይሰፋል፣ እሑድ ደግሞ ይሰብካል። በ1822 ግራሃምስታውን ላይ የጸሎት ቤት ተከፈተ። የሳሌም የመጀመሪያ ቤተ ክርስቲያን በእንጨትና በጭቃ የተሠራ ነበር፤ በ1832 በድንጋይ ተተካ።

ከሳሌም ታሪክ አንዱ ትዝታ ሊታለፍ አይገባም። በ1834 መጨረሻ በተነሣው ጦርነት የኮሳ ተዋጊዎች መንደሩን ሲከቡ ሪቻርድ ገሽ የተባለ ሰፋሪ ያለ መሣሪያ ወጥቶ አነጋገራቸው። ርቦናል ቢሉት ዳቦና ትምባሆ አምጥቶ ሰጣቸው፤ ሄዱም። መንደሩ ከዚያ ወዲያ አልተነካም።

ድንበሩን መሻገር

ሻው ከለንደን ሲነሡ ጀምሮ ዓይናቸው ከድንበሩ ማዶ ነበር። ይሁን እንጂ የመጀመሪያው ሰባኪ አይደሉም። ሆላንዳዊው ፋን ደር ኬምፕ በ1799፣ ጆሴፍ ዊሊያምስ በ1816 ከኮሳዎች ዘንድ ደርሰዋል። ከሁሉ በላይ ኮሳው ሰባኪ ንትሲካና በ1821 ሲያርፍ በገዛ ቋንቋው የደረሰውን መዝሙር ትቶ ነበር፤ መዝሙሩ ዛሬም ይዘመራል።

በ1823 መጨረሻ የሻው ቤተሰብ ጓዙን በጋሪ ጭኖ ተነሣ። ወዳጆቻቸው ሴትና ሕፃናት ይዞ ወደዚያ መግባት እብደት ነው ብለው ሲከለክሉ፣ ለዓመታት የጸለይንበት በር ተከፍቶልናል፣ እንሂድ ያለችው አን እንደነበረች ባለቤቷ በ1860 ባሳተሙት ትዝታ መስክረዋል። አብሯቸው ረዳታቸው ዊሊያም ሼፕስተን ከነቤተሰቡ ሄደ። የተቀበሏቸው የቹንግዋ ልጆች ፋቶ፣ ካማና ኮቤ ናቸው። ፋቶ መሬት ሰጡ፤ ጣቢያውም በሜቶዲስቶች መሥራች በጆን ዌስሊ ስም ዌስሊቪል ተባለ።

ፋቶ ሚስዮናዊውን ለምን ፈለጉ? ለወንጌል ብቻ እንዳልነበረ ግልጽ ነው። አባታቸውን ከገደለውና መሬታቸውን ከቀማው መንግሥት ጋር የሚያነጋግር፣ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው ያስፈልጋቸው ነበር። ፋቶ እስከ መጨረሻው አልተጠመቁም። ወንድማቸው ካማ ግን በ1825 ተጠመቁ፤ በአለቃ ደንብ ሁለተኛ ሚስት እንዲያገቡ ቢገፋፉም እምቢ ብለው በአንዲት ሚስት ጸኑ፤ በ1875 እስኪሞቱም ከእምነታቸው አልተነቃነቁም። በ1850ዎቹ መጀመሪያ ጦርነት ከቅኝ ግዛቱ ጎን መቆማቸው ከወገኖቻቸው ጋር አቃቅሯቸዋል።

ከዌስሊቪል ቀጥሎ በ1825 ማውንት ኮክ በአለቃ ንድላምቤ አገር፣ በ1827 በተርወርዝ በንጉሥ ሂንትሳ አገር፣ በ1829 ሞርሊ፣ በ1830 ክላርክበሪ በቴምቡ ምድርና በንቲንግቪል በምፖንዶ ምድር ተተከሉ። እያንዳንዱ ጣቢያ ከቀዳሚው በጥቂት ቀን የጋሪ መንገድ ይርቃል። የሻው ስልት ይህ ነበር፤ አንዱ ሲቸገር ሌላው የሚደርስለት ሰንሰለት።

በጣቢያዎቹ የተሠራው የቋንቋ ሥራ ዘላቂ ነው። በበንቲንግቪል የነበሩት ዊሊያም ቦይስ በ1834 የመጀመሪያውን የኮሳ ሰዋስው አሳተሙ። የስም መነሻ ቀለም በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ያሉትን ቃላት ሁሉ እንዴት እያስተሳሰረ እንደሚያስኬድ የገለጡት እሳቸው ናቸው፤ በዚህም የረዳቸው የሼፕስተን ልጅ ቴዎፍሎስ ነበር። ሙሉው የኮሳ መጽሐፍ ቅዱስ በ1859 ታትሞ ወጣ።

ቴዎፍሎስ ሼፕስተን ራሱ የሰፋሪ ቤተሰብ ታሪክ ወዴት ሊያመራ እንደሚችል ያሳያል። የሦስት ዓመት ልጅ ሆኖ መጥቶ፣ በሚስዮን ግቢ ከኮሳ ልጆች ጋር አድጎ ቋንቋቸውን እንደ ራሱ ተናገረ። ያንኑ ቋንቋ ይዞ የጦሩ አስተርጓሚ ሆነ፤ ከዚያ ናታል ላይ የአፍሪካውያን ጉዳይ ሹም ሆነ፤ በ1877 ደግሞ ትራንስቫልን በብሪታንያ ስም ጠቀለለ።

ጦርነቱና ክሱ

በታኅሣሥ 1834 በቅኝ ግዛቱና በኮሳዎች መካከል ስድስተኛው የድንበር ጦርነት ተነሣ። ዌስሊቪል፣ ማውንት ኮክና በተርወርዝ ተቃጠሉ። ሻው በ1833 ወደ እንግሊዝ ተመልሰው ስለነበር ጥፋቱን አላዩም። በግንቦት 1835 ንጉሥ ሂንትሳ በብሪታንያ ጦር እጅ ሳሉ በጥይት ተገደሉ፤ አስከሬናቸውም ተቆራረጠ። ይህ በምርመራ የተረጋገጠ ነው።

በዚያው ወር ከበተርወርዝ አካባቢ 16,000 ያህል ምፌንጉዎች ከሚስዮናዊው ጆን አይሊፍ ጋር ወደ ቅኝ ግዛቱ ወጡ። እነሱ ከናታል ጦርነቶች ሸሽተው በሂንትሳ ሥር የተጠጉ ስደተኞች ነበሩ የሚለው የቆየ አስተያየት ነው፤ የቅኝ ገዥው መንግሥት ለጉልበት ሠራተኝነት ያሰባሰባቸው ድብልቅ ሕዝብ ናቸው የሚሉ ተመራማሪዎችም አሉ።

የለንደን ሚስዮን ማኅበር የተባለው የሌላው ማኅበር ሰዎች፣ በተለይ ዶክተር ጆን ፊሊፕ፣ ዌስሊያኖቹ፣ ማለትም የሻው ወገን ሜቶዲስቶች፣ ለሰፋሪው አድልተዋል ብለው ከሰሱ። ሻው በፓርላማው ኮሚቴ ፊት ቀርበው ቃላቸውን ሰጡ፤ በ1839 ደግሞ የመከላከያ ጽሑፍ አሳተሙ። ክሱ ፈጽሞ ከንቱ ነው ማለት አይቻልም፤ የሳሌም ምእመናን የሻው የመንፈስ ልጆች ነበሩና አባት ልጆቹን ሲከሱበት ዝም አይልም። የሆነ ሆኖ የቹንግዋ ደም በፈሰሰበት አገር ላይ ለሰፈሩትም፣ ከዚያው አገር ለተባረሩት ልጆቻቸውም እኩል ቄስ ለመሆን የሞከረ ሰው ብዙ አልነበረም።

በ1837 የበላይ ተቆጣጣሪ ሆነው ተመለሱ። ግራሃምስታውን ላይ የሰፋሪዎቹን 25ኛ ዓመት የሚያስብ ትልቅ ቤተ ክርስቲያን ሲታነጽ በሚያዝያ 1845 የመሠረት ድንጋዩን ያኖረችው አን ነበረች። ጦርነት መሀል ገብቶ ሥራው የተፈጸመው በ1850 ነው። አን በ1854 ዐረፈች፤ ሻው በ1856 እንግሊዝ ገቡ፤ በ1865 የሜቶዲስት ጉባኤ ፕሬዝዳንት ሆኑ፤ በታኅሣሥ 1872 ለንደን ላይ ዐረፉ።

ከእሳቸው በኋላ

ከሰንሰለቱ የተማሩት አፍሪካውያን አገልጋዮች እኩል ሥልጣን ሲነፈጉ የራሳቸውን መንገድ ያዙ። በቴምቡ ምድር የሜቶዲስት ቄስ የነበሩት ኔሄምያ ቲሌ በ1880ዎቹ የቴምቡ ብሔራዊ ቤተ ክርስቲያንን መሠረቱ። በ1892 ፕሪቶሪያ ላይ ሌላው ዌስሊያን ቄስ ማንጌና ሞኮኔ የነጭና የጥቁር ጉባኤ መለያየቱን ተቃውመው ወጡና አዲሱን ማኅበራቸውን «የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን» አሉት። መነሻቸው «ኢትዮጵያ እጆችዋን ወደ እግዚአብሔር ትዘረጋለች» የሚለው የመዝሙረ ዳዊት ቃል ነው። ይህ የሆነው ከዓድዋ ድል አራት ዓመት ቀድሞ ነው። ሻው በደብዳቤያቸው ብቸኛ ብለው የጠቀሱት ክርስቲያን ሕዝብ፣ ከ70 ዓመት በኋላ የራሳቸው ቤተ ክርስቲያን ልጆች የነጻነት ስም አድርገው ያዙት።

ኔልሰን ማንዴላም የዚህ ሰንሰለት ተማሪ ናቸው፤ በክላርክበሪ፣ ቀጥሎም በ1855 በተቋቋመው በሂልድታውን ተምረዋል። በ1962 ኮልፌ ላይ ወታደራዊ ሥልጠና ወስደው ተመለሱ፤ ታሰሩም፤ ከዓመታት እሥር ብዙውን ያሳለፉት ነቢዩ ማካንዳ በተጋዘባት ሮቢን ደሴት ነው።

ግራሃምስታውን በ2018 ስሟ ተለውጦ ማካንዳ ተብላለች። የሳሌም የጋራ ግጦሽ መሬት ጉዳይም ለፍርድ ቀርቦ ነበር። ባለ ይዞታዎቹ መሬቱ ሰፋሪዎች ሲመጡ ባዶ ነበር ሲሉ፣ አመልካቾቹ አያቶቻችን በዚያ ኖረው፣ ከብት አሰማርተው፣ ተቀብረውበታል አሉ። የደቡብ አፍሪካ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት በታኅሣሥ 2017 ለአመልካቾቹ ፈረደ። የ1832ቱ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ዛሬም እዚያው ሳሌም መንደር ቆሟል።