ጠመዝማዛ የሬዲዮ ሞገድ ምንድን ነው?

በየኮንዶሚኒየሙ በረንዳ የተደረደረውን ዲሽ አስቡት። አንዱን አውርዳችሁ ከጠርዙ እስከ መሀሉ በመጋዝ ሰንጥቁት። ከዚያ አንዱን የተቆረጠ ጫፍ ወደ ፊት ሳብ፣ ሌላውን ወደ ኋላ ገፋ አድርጉት። ጎረቤት ምን እንደሚል እናውቃለን። የጣሊያንና የስዊድን ተመራማሪዎች ግን እ.ኤ.አ. በ2011 ቬኒስ ላይ ይህንኑ አድርገዋል።

ከሳን ጆርጆ ደሴት እስከ ዱካሌ ቤተ መንግሥት 442 ሜትር ነው። ከደሴቱ በኩል ሁለት ሲግናል ለቀቁ፤ አንዱ በተራ አንቴና፣ አንዱ በተጠማዘዘው ዲሽ። ሁለቱም ዋይፋይ በሚሠራበት በ2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ፣ በአንድ ዓይነት ፍሪኩዌንሲ ነበሩ። በተለመደው አካሄድ ይህ መደነጋገር ነው። እነሱ ግን ማዶ ላይ ለያይተው ተቀበሏቸው። በጽሑፋቸውም በዚህ መንገድ በአንድ ፍሪኩዌንሲ ላይ፣ ቢያንስ በሐሳብ ደረጃ፣ ማለቂያ የሌለው ቻናል መክፈት ይቻላል አሉ። ጭቅጭቁም ተነሣ።

ነገሩ ኦርቢታል አንጉላር ሞመንተም ይባላል፤ በአጭሩ ኦኤኤም። ተራ ሞገድ ሲጓዝ ፊቱ ጠፍጣፋ ነው ማለት ይቻላል። የኦኤኤም ሞገድ ፊት ግን እንደ ብሎን ጥርስ እየዞረ ይሄዳል። በብርሃን ላይ ይህን በ1992 ያሳዩት በሆላንድ ላይደን የነበሩት፣ አለን የተባለው የፊዚክስ ተመራማሪና ባልደረቦቹ ናቸው። እንዲህ ያለ ብርሃን ጥቃቅን ብናኝ ላይ ቢያርፍ ያሽከረክረዋል። በ2007 ደግሞ ቲዴ የተባለው ስዊድናዊና ባልደረቦቹ ሬዲዮም በተደረደሩ አንቴናዎች ሊጠማዘዝ እንደሚችል አሳዩ። ዲሽ መሰንጠቅ ግድ አይደለም ማለት ነው።

እንዴት? ስምንት ሰዎች ክብ ሠርተው ያጨበጭባሉ እንበል። ሁሉም እኩል ካጨበጨቡ ጥምዝ የለም፤ ይህ ሞድ ዜሮ ነው። እያንዳንዱ ከጎኑ ካለው ሰው በምቱ አንድ ስምንተኛ ቢዘገይ፣ ጭብጨባው በአንድ ምት አንድ ዙር ይዞራል። ይህ ሞድ አንድ ነው። በሩብ ምት ከተዘገየ ደግሞ ፊት ለፊት የቆሙት እኩል ያጨበጭቡና ሁለት ጭብጨባዎች ክቡን እየተከታተሉ ይዞራሉ። ሞድ ሁለት እሱ ነው። ወደ ግራም ወደ ቀኝም ማዞር ይቻላል።

በሰዎቹ ቦታ ስምንት አንቴናዎችን ተኩ። ማዶ ያሉት ስምንት ተቀባዮች የአንዱን ሞድ መዘግየት መልሰው ካስተካከሉ፣ የዚያ ሞድ ሲግናል ይደመራል፤ የሌሎቹ ግን እርስ በርስ ተጣፍቶ ዜሮ ይሆናል። ስለዚህ በየሞዱ የተለያየ ዳታ መጫን ይቻላል። መልቲፕሌክሲንግ የሚባለው ይኼው ነው።

እዚህ ላይ ቆጥሩ። ስምንት አንቴና ቢበዛ ስምንት ሞድ ይሰጣል። ታዲያ ዋይፋያችን ላይ ያለው ማይሞ፣ ማለትም በብዙ አንቴና ብዙ ዳታ በአንዴ የመላክ ዘዴ፣ ከዚህ በምን ይለያል? በስዊድን የሉንድ ዩኒቨርሲቲዎቹ ኤድፎርስና ዮሐንሰን በ2012 መልሱን በሒሳብ አስቀመጡ፦ የአንቴና ኦኤኤም የማይሞ አንዱ ዓይነት ነው፤ አዲስ አቅም አልጨመረም። እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ። ማለቂያ የሌለው ቻናል የሚለው ወሬ ለጋዜጣ ርዕስ እንጂ ለመሐንዲስ አይሆንም።

ሌላም ጣጣ አለበት። የተጠማዘዘ ሞገድ መሀሉ ባዶ ነው። ጉልበቱ ዙሪያውን እንደ ቀለበት ይቀመጣል፤ ቀለበቱም በራቀ ቁጥር፣ ሞዱም ከፍ ባለ ቁጥር ይሰፋል። ሩቅ ያለች ስልክ ከቀለበቱ የምታገኘው ቁራጭ ብቻ ነው፤ ከቁራጭ ደግሞ ስንት ዙር እንደዞረ መለየት በጣም ያስቸግራል። ስለዚህ ለኪሳችን ስልክ አይሆንም።

ታዲያ ምን ያደርጋል? ሁለት የአንቴና ክቦች በቅርብ ርቀት ፊት ለፊት ሲተያዩ ሥራ ያቀላል። ተራ ማይሞ ቻናሉን፣ ማለትም ሲግናሉ የሚያልፍበትን መንገድ፣ እየለካ ከባድ ስሌት ይሠራል። በኦኤኤም ግን መዘግየቶቹ የታወቁ ስለሆኑ፣ በትለር ማትሪክስ የሚባል ቋሚ ሰርኪዩት ብቻውን ሞዶቹን ይለያያል። የጃፓኑ የቴሌኮም ኩባንያ ኤንቲቲ በ2018 ኦኤኤምንና ማይሞን አጣምሮ፣ በ28 ጊጋኸርዝ 11 የዳታ ጅረቶችን በአንዴ ልኳል። ፍጥነቱ በሴኮንድ 100 ጊጋቢት ነበር። ርቀቱ ግን 10 ሜትር፤ ከሳሎን እስከ ግቢ በር ቢሆን ነው።

አሁን የሚታሰበው ፋይበር መቅበር በማይመችበት ቦታ ከምሰሶ ምሰሶ፣ ከጣራ ጣራ ዳታ ለማሻገር ነው። እሱም ቢሆን ክቦቹ በትክክል ከተያዩ ነው። ምሰሶው በነፋስ ትንሽ ዘመም ካለ ሞዶቹ ይደባለቃሉ፤ ያ የተገላገልነው ስሌትም ተመልሶ ይመጣል።