«ኤንድለስ ኤይት» ምንድን ነው?

የጃፓን አኒሜ (የካርቱን ፊልም) የሚወዱ ሰዎች በተሰበሰቡበት «ኤንድለስ ኤይት» (ማለቂያ የሌለው ስምንት) የሚለውን ስም ማንሣት ጠብ ያለሽ በዳቦ ማለት ነው። ገሚሱ እስከ ዛሬ ድረስ ስምንት ሳምንት እንደተሰረቀበት ይናገራል፤ ገሚሱ ደግሞ በቴሌቪዥን ከዚያ የበለጠ ድፍረት አልታየም ብሎ ይሟገታል። ይህ ሁሉ ክርክር የተነሣው ግን ከአንድ አጭር ልብ ወለድ ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። አምስት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የበጋ ዕረፍታቸውን የመጨረሻ ሁለት ሳምንት፣ ከኦገስት 17 እስከ 31 ያለውን፣ በጨዋታና በሽርሽር ያሳልፋሉ። የ31ኛው ቀን ሌሊት ሲጋመስ ጊዜ ወደ 17 ይመለሳል፤ ትዝታቸውም አብሮ ይፋቃል። ሲነጋ ዕረፍቱ ገና ሁለት ሳምንት የቀረው መስሏቸው ሁሉንም እንደ አዲስ ይጀምሩታል። የጊዜ አዙሪትን የሚተርኩ ሥራዎች በዓለም ላይ ሞልተዋል። ይህኛው የሚለየው አዙሪቱን በፈጠረችው፣ በምታስታውሰውና በተፈታበት መንገድ ነው።

ታሪኩ የሚገኘው በደራሲው ናጋሩ ታኒጋዋ የሃሩሂ ሱዙሚያ ተከታታይ መጻሕፍት ውስጥ ነው። እነዚህ መጻሕፍት ጃፓኖች «ላይት ኖቭል» የሚሉት ዘርፍ ናቸው፦ ኪስ ውስጥ የሚገቡ፣ በቶሎ የሚነበቡ፣ ንግግር የሚበዛባቸው፣ መሐል መሐል ላይ የማንጋ (የጃፓን የሥዕል ታሪክ) ዓይነት ሥዕል ያለባቸውና በዋናነት ለወጣቶች የሚጻፉ ልብ ወለዶች። የሃሩሂን ሥዕሎች የሣለችው ኖይዚ ኢቶ ናት። የመጀመሪያው መጽሐፍ የካዶካዋ ማተሚያ ቤት የሚያዘጋጀውን የስኒከር ሽልማት ታላቁን ደረጃ አግኝቶ እ.ኤ.አ. በጁን 2003 ታተመ። «ኤንድለስ ኤይት» ያለበት አምስተኛው መጽሐፍ የወጣው በኦክቶበር 2004 ሲሆን በውስጡ ካሉት ሦስት ታሪኮች አንዱ ነው። ሰፈሩ ደራሲው ካደገበት ከሂዮጎ ክፍለ ግዛት የተቀዳ ነው፤ ትምህርት ቤቱም፣ ወደ እሱ የሚወስደው አድካሚ ዳገትም በኒሺኖሚያ ከተማ በእውን አሉ።

ሃሩሂ ማን ናት? ትምህርት በተጀመረ በመጀመሪያው ቀን ክፍል ውስጥ ተነሥታ ተራ ሰዎች እንደማያስፈልጓት፣ ከሌላ ዓለም የመጣ፣ ከወደፊቱ ዘመን የመጣ ወይም ልዩ ኃይል ያለው ሰው ካለ ግን ወደ እሷ እንዲመጣ የምታውጅ ልጅ ናት። አብሯት የሚማረው ተራኪው ክዮን ነው። ክዮን ቅጽል ስም ነው። ሃሩሂ ኤስ ኦ ኤስ የሚባል ቡድን መሥርታ ሦስት ተማሪዎችን በግድ ታስገባበታለች። ሦስቱም በትክክል የፈለገቻቸው ዓይነት ሰዎች ሆነው መገኘታቸው የተከታታዩ ቀልድ ነው። ዝምተኛዋ አንባቢ ዩኪ ናጋቶ ከሰማይ የመጣ የመረጃ አካል በሰው አምሳል የሠራት ናት። ዓይን አፋሯ ሚኩሩ አሳሂና ከወደፊቱ ዘመን የተላከች ናት። ሁልጊዜ ፈገግ የሚለው ኢትሱኪ ኮይዙሚ ደግሞ ልዩ ኃይል አለው። ሃሩሂ ይህን አንዱንም አታውቅም። ከዚህም በላይ የማታውቀው ነገር አለ፦ የተመኘችው ሁሉ፣ ራሷ ሳታውቀው፣ ዓለምን ይለውጣል። ሦስቱም የመጡት እሷን ለመከታተልና፣ ሲብስም፣ እንዳትሰለች ለማድረግ ነው።

ደራሲው በጊዜ ላይ የሚጫወተው በሁለት መንገድ ስለሆነ አዙሪቱን ለመረዳት መጀመሪያ ሌላኛውን መንገድ ማየት ይጠቅማል። በሦስተኛው መጽሐፍ ክዮንና አሳሂና በጁላይ 7፣ ጃፓኖች ምኞታቸውን በወረቀት ጽፈው ቀርከሃ ላይ በሚያንጠለጥሉበት በታናባታ በዓል ቀን፣ ሦስት ዓመት ወደ ኋላ ይጓዛሉ። በዚያ ሌሊት ክዮን ገና ልጅ የሆነችውን ሃሩሂን ያገኛትና በትምህርት ቤቷ ሜዳ ላይ ግዙፍ ምልክቶች በኖራ እንድትሥል ያግዛታል። ስሙን ስትጠይቀው «ጆን ስሚዝ» ይላታል። የለበሰውን የደንብ ልብስ ያየችው ሃሩሂ ከሦስት ዓመት በኋላ ያንኑ ትምህርት ቤት ትመርጣለች፤ ክዮንን የምታገኘውም እዚያ ነው። ምክንያቱ ውጤቱን፣ ውጤቱም ምክንያቱን ይወልዳል። ክበቡ ዝግ ነው፣ የሆነው ሁሉ የሆነው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ምንም ነገርም አይባክንም።

«ኤንድለስ ኤይት» የዚህ ተቃራኒ ነው። ሁሉም ነገር ይሆናል፣ ግን የሚቀር ነገር የለም፤ ውኃ ቢወቅጡት እምቦጭ እንዲሉ። ሃሩሂ በዕረፍቱ ማለቂያ መሠራት ያለበትን ሁሉ በዝርዝር ጽፋ ጓደኞቿን ትጠራለች፦ መዋኛ፣ ዩካታ የተባለውን የበጋ ልብስ ለብሶ የበዓል ጭፈራ፣ ርችት፣ ሲካዳ የምትባለዋን ጯሂ ነፍሳት ማደን፣ እንቁራሪት የሚያስመስል ልብስ ለብሶ የቀን ሥራ፣ ኮከብ ማየት፣ ሌሊት መቃብር ቦታ ሄዶ ድፍረትን መፈተን። ክዮን ይህን ሁሉ ከዚህ በፊት ያደረገው ይመስለዋል። አንድ ሌሊት አሳሂና እያለቀሰች ትደውላለች፤ ወደ ዘመኗ መመለስም ሆነ ከዘመኗ ጋር መገናኘት አልቻለችም። አሳሂና በመጀመሪያው መጽሐፍ ጊዜን ስታስረዳ፣ እያንዳንዱ ቅጽበት ለብቻው እንደተሣለ የአኒሜሽን ገጽ ነው፣ ተከታትለው ሲገለጡ ብቻ የሚንቀሳቀሱ ይመስላሉ ብላ ነበር። በዚህ አነጋገር ከሄድን ከ31ኛው በኋላ የሚገለጥ ገጽ የለም። ሴፕቴምበር ከሌለ ደግሞ የአሳሂና ዘመንም የለም ማለት ነው።

ስንተኛ ዙር ላይ እንደሆኑ የምታውቀው ናጋቶ ብቻ ናት። ስትጠየቅ ያለ ምንም ስሜት ትመልሳለች፦ 15,498ኛው። በየዙሩ ምን እንደተደረገና ምን እንደቀረም ትዘረዝራለች። አንዱን ዙር ሁለት ሳምንት ብለን ብናሰላው ወደ 594 ዓመት ይመጣል። ለምን እንዳልነገረቻቸው ሲጠይቋት ተግባሯ መመልከት እንደሆነ ትናገራለች።

እኔ ታሪኩን ከሌሎች የአዙሪት ታሪኮች የማስበልጠው እዚህ ላይ ነው። በተለመደው አሠራር የሚያስታውሰው ሰው ዋናው ባለታሪክ ነው፤ ይሳሳታል፣ ይማራል፣ ይሻሻላል፣ በመጨረሻም ይወጣል። ታኒጋዋ ግን ትዝታውን ከተራኪው ወስዶ ጥግ ላይ ተቀምጣ መጽሐፍ ለምታነብ ልጅ ሰጠው። ክዮን ከአንድ ዙር በላይ የሚያስታውሰው ነገር ስለሌለ ከስድስት መቶ ዓመት ያህል ስቃይ የሚደርሰው ቁጥሩ ብቻ ነው። አንባቢውም እንደዚያው። ትኩረታችን እሱ ላይ ሳለ መከራው ሌላ ቦታ ላይ ነው።

መውጫው ደግሞ በጣም ተራ ነው። አዙሪቱን የፈጠረው ሃሩሂ ሳታውቀው ያደረባት «የቀረ ነገር አለ» የሚል ስሜት እንደሆነ ኮይዙሚ ይገምታል፤ የቀረው ምን እንደሆነ ግን ማንም ሊገምት አልቻለም። ዝርዝሩ ተጠናቆ ሃሩሂ ከካፌው ለመውጣት ስትነሣ ክዮን አንድ ነገር መናገር እንዳለበት ይሰማዋል፣ ምን እንደሆነ ግን አያውቅም። ከዚያ ያመልጠዋል፦ የቤት ሥራዬን አልጨረስኩም! ሁላችሁም ቤቴ ኑና አብረን እንሥራ ይላል። ሃሩሂ የራሷን ለብቻዋ ቀደም ብላ ጨርሳዋለች። በዝርዝሯ ላይ የጻፈችው ሁሉ ሰው በዕረፍቱ ሊያደርገው ይገባል ተብሎ የሚታሰበውን ነው፤ ከጓደኛ ጋር ተሰብስቦ በመጨረሻው ቀን ደብተር ላይ መደፋት እንዴት ትዝ ይበላት? በ31ኛው ቀን አምስቱም ክዮን ቤት ይሰበሰባሉ። ከዚያ ሴፕቴምበር 1 ይመጣል።

መጽሐፉ የሚተርከው 15,498ኛውን ዙር ብቻ ነው። ጠቡ የተጀመረው ኪዮቶ አኒሜሽን የተባለው ስቱዲዮ ታሪኩን ለቴሌቪዥን ሲያዘጋጀው ነው። ስቱዲዮው በተመልካች ጊዜ ላይ መቀለድ የጀመረው ግን ቀደም ብሎ ነው። በ2006 የመጀመሪያዎቹን 14 ክፍሎች ያሳየው ቅደም ተከተላቸውን ዘበራርቆ ነበር፤ ያኔ ተመልካቹ በጣም ወደደው። (ቅደም ተከተሉ ያስነሣው ጨዋታ ሒሳብ ድረስ ደርሷል። 14ቱን ክፍሎች ሊኖር በሚችል ቅደም ተከተል ሁሉ ለማየት ቢያንስ ስንት ክፍል መመልከት ያስፈልጋል የሚል ጥያቄ ተነሥቶ፣ ስሙን ያልገለጸ አንድ ሰው በ2011 ኢንተርኔት ላይ የዝቅተኛውን ወሰን ማረጋገጫ ጻፈ። የሒሳብ ሊቃውንት ከሰባት ዓመት በኋላ አግኝተው አጸደቁት። መልሱ ከ93,884,313,611 አያንስም። እንግዲህ አምላክ ዕድሜ ይስጣችሁ።)

በ2009 ተከታታዩ 14 አዳዲስ ክፍሎች ተጨምረውበት እንደገና ታየ። ከአዲሶቹ ስምንቱ «ኤንድለስ ኤይት» ነበሩ። ኦገስት በጃፓንኛ የሚጠራው ስምንተኛው ወር ተብሎ ነው፤ ስቱዲዮው ስምንቱን በክፍል ቁጥር ተረጎመው። በመጀመሪያው ክፍል ስለ አዙሪቱ ምንም ፍንጭ የለም። በሁለተኛው ናጋቶ ቁጥሩን ትናገራለች፣ ሃሩሂ ከካፌው ትወጣለች፣ ክዮን ዝም ይላል። በሦስተኛው ሳምንት ተመልካቹ መፍትሔውን ሲጠብቅ ያንኑ አየ። በአራተኛው ያንኑ። በአምስተኛው፣ በስድስተኛውና በሰባተኛውም ያንኑ። ክዮን የቤት ሥራውን ያስታወሰው በስምንተኛው ሳምንት፣ በ15,532ኛው ዙር ነው።

ስቱዲዮው አንዱን ክፍል ስምንት ጊዜ አልደገመም። እያንዳንዱ እንደ አዲስ ተሥሏል፤ ተዋንያኑም ድምፃቸውን በየጊዜው እንደገና ቀድተዋል። ልብሱ ይለያያል፣ ካሜራው የሚያይበት ማዕዘን ይለያያል፣ ንግግሩም ትንሽ ትንሽ ይቀያየራል። ከስንፍና ሊመጣ የማይችል ሥራ ነው። ተመልካቹን ይበልጥ ያናደደውም ይኸው ይመስለኛል፤ ያ ሁሉ ድካም ሌሎቹን መጻሕፍት ለመሥራት ሊውል ይችል ነበር። በተለይ ብዙዎች በዚያ ዓመት ይጠብቁት የነበረው አራተኛው መጽሐፍ፣ የሃሩሂ መጥፋት ታሪክ፣ በቴሌቪዥኑ ውስጥ አልተካተተም። በፌብሩዋሪ 2010 ለብቻው ፊልም ሆኖ ወጣ።

ሐሳቡ ትክክል ነበር፤ መጠኑ ግን በዛ። መጽሐፉ በቁጥር ብቻ የነገረንን የናጋቶን ጊዜ ስቱዲዮው በሰውነታችን እንድናውቀው ፈለገ፤ በሦስተኛውና በአራተኛው ክፍል ይህ ይሠራል። ተመልካቹ ከክዮን ጎን ለቆ ናጋቶ ጎን ይቀመጣል፤ ቀጥሎ የሚሆነውን ያውቃል፣ መናገር አይችልም። ከአምስተኛው በኋላ ግን የሚጨመር ነገር የለም። አራት ቢሆን ኖሮ ዛሬ ስለ ድንቅ ሥራ እናወራ ነበር።

ፊልሙን አይቶ የማያውቅና ታሪኩ እንዲነገረው የማይፈልግ ሰው ይህን አንቀጽ ይዝለለው። በአራተኛው መጽሐፍ ክዮን ዲሴምበር 18 ጠዋት ትምህርት ቤት ሲደርስ ዓለም ተለውጧል። ሃሩሂ የለችም፤ አሳሂና አታውቀውም፤ ናጋቶ ደግሞ ምንም ልዩ ኃይል የሌላት ዓይን አፋር ተማሪ ሆናለች። ዓለምን የለወጠችው ራሷ ናጋቶ ናት፤ በውስጧ ሲጠራቀም የኖረ ስሕተት ሞልቶ ፈሷል። ሰዎች ስሜት የሚሉትን እሷ ስሕተት ትለዋለች። ብዙ ተመልካቾች ይህን ከበጋው አዙሪት ጋር አያይዘው ያዩታል፤ ስድስት መቶ ዓመት ያህል አንድ ዓይነት ሁለት ሳምንት የቆጠረች ልጅ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ተራ ሰው መሆን ብትመኝ አይገርምም።

አዲስ ጀማሪ ለሚጠይቀኝ ሁልጊዜ የምሰጠው ምክር አንድ ነው፦ አንደኛውን፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውንና ስምንተኛውን ክፍል ይይ፤ ከዚያ ፊልሙን ይይ። ስምንቱንም አንድ በአንድ ያዩት ግን ይህን ምክር ሲሰሙ ይቆጣሉ፤ እነሱ የከፈሉትን ሌላው በነፃ ማለፉ አይዋጥላቸውም።