የሴቶች የትምህርት ደረጃ በአማራ ክልል፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ስለ ሴቶች የትምህርት ደረጃ ክርክር ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው በ2008 ዓ.ም የተካሄደው የኢትዮጵያ ሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ነው። በአገር አቀፍ ደረጃ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆነ ሴቶች 48 በመቶው፣ ከወንዶቹ ደግሞ 28 በመቶው መደበኛ ትምህርት እንዳላገኙ መዝግቧል። ችግሩ ያለው ከቁጥሩ ሳይሆን ከአነባበቡ ነው፤ የአማራ ክልል ሲነሣ ደግሞ ስሕተቱ ይበዛል።

«ትምህርት ቤት የገባች ሁሉ ማንበብ ትችላለች።»

በጥናቱ ሁለቱ ለየብቻ የሚጠየቁ ጉዳዮች ናቸው። መረጃ ሰብሳቢዋ መጀመሪያ «ስንተኛ ክፍል ደርሰሻል?» ብላ ትጽፋለች፤ ቀጥሎ፣ ሴቲቱ ከፍተኛ ትምህርት ካልደረሰች፣ አጭር ዓረፍተ ነገር የታተመበት ካርድ አውጥታ ጮክ ብላ እንድታነብ ትጠይቃታለች። በከፊል ማንበብም እንደ ማንበብ ይቆጠራል። እንዲህም ሆኖ ማንበብ የሚችሉ ተብለው የተመዘገቡት ሴቶች 42 በመቶ ብቻ ናቸው። ትምህርት ቤት የገቡት 52 በመቶ መሆናቸውን ስናስታውስ፣ ከመቶ ሴቶች ቢያንስ አሥሩ የትምህርት ቤቱን ደጃፍ ረግጠው ካርዱን ማንበብ እንዳልቻሉ እንረዳለን። በአንጻሩ በ1971 ዓ.ም በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ማታ ማታ ፊደል የቆጠረች ሴት መደበኛ ክፍል ሳትገባ አንባቢ ልትሆን ትችላለች።

«ሁለተኛ ደረጃ» የሚለውን ቃልም እንደ ምስክር ወረቀት ማየት አይገባም። የሚመዘገበው የተደረሰበት እርከን እንጂ የተጠናቀቀው ብቻ ስላልሆነ፣ ከ9ኛ ክፍል መንፈቅ ላይ ያቋረጠችውም በዚሁ እርከን ትቆጠራለች።

«የአማራ ገበሬ ሴት ልጁን ትምህርት ቤት አይልክም።»

ይህ አባባል ለአያቶቻችን ዘመን ይሠራ ይሆናል። ዛሬ ግን በክልሉ አንደኛ ደረጃ የሴት ልጆች ቁጥር ከወንዶቹ ጋር ተቀራራቢ ነው፤ እረኝነቱ በወንዱ ላይ ስለሚወድቅ አንዳንድ ቦታ እንዲያውም ሴቶቹ ይበልጣሉ። መንገዱ የሚጠብበው ከ8ኛ ክፍል በኋላ ነው። በዚያው ጥናት መሠረት ከ25 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው የክልሉ ሴቶች ግማሾቹ ያገቡት 16.2 ዓመት ሳይሞላቸው ነው፤ በአዲስ አበባ ይኸው ልኬት 23.9 ነው። 8ኛ ክፍልን የጨረሰች ልጅ 15 ዓመት ገደማ ስለሚሆናት የሠርጉ ወሬና የ9ኛ ክፍል ምዝገባ በአንድ ሰሞን ይመጡባታል። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው በወረዳው ከተማ ነው። ልጅቱ ከሁለት ከሦስት ጓደኞቿ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይታ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ የሳምንቱን እንጀራ፣ ሽሮና በሶ ተሸክማ በእግሯ ትሄዳለች፤ ዓርብ ስንቋ ሲያልቅ ትመለሳለች። ወላጅ በዚህ ጊዜ የሚፈራው ትምህርቱን ሳይሆን መንገዱንና የኪራይ ቤቱን ነው። በእኔ እይታ «የአመለካከት ችግር» እየተባለ በየስብሰባው የሚነገረው ነገር ግማሹ የርቀት ችግር ነው።

«አዲስ አበባ የተሻለ ቁጥር ያላት ልጆቿን የተሻለ ስላስተማረች ብቻ ነው።»

በአዲስ አበባ ትምህርት ያላገኙት ሴቶች ከአሥር አንዷ ገደማ ሲሆኑ፣ በሶማሌ ክልል ከአራት ሦስቱ ገደማ ናቸው። ይሁን እንጂ ጥናቱ የሚቆጥረው ሴቲቱ የምትኖርበትን እንጂ የተማረችበትን ቦታ አይደለም። ጎንደር ወይም ደሴ ተምራ ዲግሪ የያዘች ሴት ሥራ ፍለጋ አዲስ አበባ ስትገባ ዲግሪዋ ከአማራ ክልል ተቀንሶ ለአዲስ አበባ ይደመራል። ሆኖም ነገሩ አንድ ወገን ብቻ የለውም፤ ከገጠር መጥታ በቤት ሠራተኝነት የተቀጠረች፣ 4ኛ ክፍል ላይ ያቋረጠች ልጅም የምትቆጠረው እዚያው ነው።

«ቁጥሩ ከቀነሰ ያልተማሩት ተምረዋል ማለት ነው።»

በአገር ደረጃ ያልተማሩት ሴቶች በ1997 ዓ.ም 66 በመቶ ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም 48 በመቶ ሆኑ። መሻሻሉ እውነተኛ ነው፤ የመጣው ግን በአብዛኛው በትውልድ መተካካት ነው። በአንድ ቤት ያለች ፊደል ያልቆጠረች የ45 ዓመት እናትና የ16 ዓመት የ9ኛ ክፍል ልጇ በአንድ መቶኛ ውስጥ ተደምረው ይቆጠራሉ። እናቲቱ 50 ዓመት ሲሞላት ከስሌቱ ትወጣለች፤ መቶኛውም እሷ አንድ ፊደል ሳትማር ይሻሻላል።