ያመለጠችን ኳስ መምታት መቼ ያስቀጣል?

በአሜሪካ ፉትቦል ሊግ (ኤንኤፍኤል) ከተጫዋች እጅ ያመለጠችን ኳስ ሆን ብሎ በእጅ መምታት የሚያስቀጣው እንደ ቦታውና እንደ አቅጣጫው ነው። ሜዳ ውስጥ ወደ ተጋጣሚ የጎል መስመር መምታት ክልክል ነው፤ ወደ ጎን ወይም ወደ ኋላ ይፈቀዳል። ኤንድ ዞን (ከጎል መስመሩ ጀርባ ያለው የነጥብ ማስቆጠሪያ ክልል) ውስጥ ግን ወደየትም መምታት አይቻልም። ቅጣቱ ቡድኑ 10 ያርድ (9 ሜትር ገደማ) መሬት ማጣቱ ነው። በእግር ከሆነ ሕጉ ይበልጥ ጥብቅ ነው፦ አቅጣጫው የትም ይሁን፣ ሆን ብሎ መምታት ያው 10 ያርድ ያስቀጣል። ስትንከባለል ሳይታሰብ እግር ብትነካ ጥፋት የለም።

ዳኛን የሚፈትነው «ሆን ብሎ» የሚለው ነው። ሊይዛት ሞክሮ ያመለጠችው ተጫዋች አይቀጣም፤ የመያዝ ሙከራ ሳያደርግ የገፋት ይቀጣል። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 5 ቀን 2015 ሲያትል ውስጥ የዲትሮይቱ ካልቪን ጆንሰን ጎል መስመሩ ጫፍ ላይ ኳሷን ሲጥላት፣ የሲያትሉ ኬ ጄ ራይት ከኤንድ ዞኑ በስተኋላ በእጁ ገፍቶ አስወጣት። ዳኞቹ ሳይቀጡ ታችባክ (በኤንድ ዞን በኩል የወጣች ኳስ ለተከላካዩ ቡድን የምትሰጥበት ውሳኔ) ብለው ኳሷን ለሲያትል ሰጡ። ጥፋቱ ተጠርቶ ቢሆን ኖሮ ዲትሮይት ከመስመሩ አጠገብ ማጥቃቱን ይቀጥል ነበር። ሊጉ ስህተቱን በኋላ አመነ፤ እንዲህ ያለው ውሳኔ ያኔ በቪዲዮ የሚታይ ስላልነበረ ግን እዚያው ማረም አልተቻለም። ሲያትል 13 ለ 10 አሸነፈ።