ክሮስ ሴክሽን ምንድን ነው? የሒሳብ ውድድር ኪዩብ የት ይቆረጣል?

ክሮስ ሴክሽን ማለት አንድ ጠጣር ነገር ቀጥ ባለ ቢላዋ ሲቆረጥ ቁርጡ ላይ የሚታየው ጠፍጣፋ ምስል ነው። በቃ፣ ትርጉሙ ይኸው ነው። ኳስ በየትም በኩል ብትቆርጡት የሚወጣው ክብ ነው። የልብስ ሳሙና ቀጥ አድርጋችሁ ብትቆርጡ አራት ጎን ይወጣል። ጥጉን ብቻ ሸርፋችሁ ብታነሱ ደግሞ ሦስት ጎን ታያላችሁ።

ታዲያ ይህን ያህል ቀላል ነገር የሒሳብ ውድድር ላይ ለምን ራስ ምታት ይሆናል? ጥያቄው ሦስት አውታር (ርዝመት፣ ወርድና ቁመት) አለው፣ ወረቀቱ ያለው ግን ሁለት ነው። ወረቀት ላይ የተሳለ ኪዩብ ይዋሻል። እኩል የሆኑ ጠርዞች እኩል አይመስሉም። 90 ዲግሪው 90 አይመስልም። ጨርሶ የማይገናኙ መስመሮች ስዕሉ ላይ ተቆራርጠው ይታያሉ። ክሮስ ሴክሽን ግን አይዋሽም። ጠፍጣፋ ስለሆነ በልኩ ወረቀት ላይ ይቀመጣል። እዚያ ላይ ደግሞ ፓይታጎረስም ሆነ ስለ ሦስት ማዕዘን የተማራችሁት ሁሉ እንዳለ ይሠራል።

«የስሪዲ (የሦስት አውታር) ጥያቄ ምናብ ላለው ልጅ ነው» ሲባል እሰማለሁ። አልስማማም። ሙሉውን ጠጣር ጭንቅላታችሁ ውስጥ ማሽከርከር አይጠበቅባችሁም። የሚጠበቀው መልሱ ያለበትን አንድ ጠለል መምረጥ ነው። ጠለል ያልኩት በየአቅጣጫው ማለቂያ የሌለውን ልሙጥ ገጽ ነው። ቢላዋችን እሱ ነው።

ጠለልን የሚወስነው ሦስት ነጥብ ነው። ለጅማ ልጅ ይህን ማስረዳት አይከብድም። የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣ ባለ ሦስት እግር መቀመጫ ነው። መሬቱ ጎርበጥባጣ ቢሆንም አይወዛወዝም። ባለ አራት እግር ወንበር ግን አንዱ እግሩ ሥር የታጠፈ ወረቀት ካልተደረገለት ሻይ ያስደፋል። ነጥቦቹ አንድ መስመር ላይ እስካልተሰለፉ ድረስ በሦስት ነጥብ የሚያልፍ ጠለል አንድ ብቻ ነው። አራተኛው ነጥብ እዚያው ጠለል ላይ ለመዋሉ ግን ዋስትና የለም። ስለዚህ ውድድር ላይ «በእነዚህ ሦስት ነጥቦች የሚያልፈው ጠለል» የሚል ነገር ካነበባችሁ፣ ቢላዋው ቦታውን ይዟል ማለት ነው።

አንድ ጥያቄ ጠጋ ብለን እንየው። ጠርዙ 2 የሆነ ኪዩብ አለ። የታችኛው ገጽ ጥጎች ዙሪያውን በተራ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ናቸው። ከበላያቸው በዚያው ቅደም ተከተል ሠ፣ ረ፣ ሰ፣ ሸ አሉ። ሠ ከሀ በላይ፣ ረ ከለ በላይ፣ እንዲያ እያለ ይሄዳል። አሁን የሀለ፣ የለሐ እና የሐሰ ጠርዞች መሐል ላይ ነጥብ አድርጉ። በሦስቱ ነጥቦች የሚያልፈው ጠለል ኪዩቡን ሲቆርጠው የሚወጣው ምስል ስፋቱ ስንት ነው?

ቅዳሜ ቅዳሜ አብረውኝ የሚሠሩት ልጆች ይህን ጥያቄ ሲያዩ መጀመሪያ የሚያደርጉት አንድ ነው። ሦስቱን ነጥብ ያገናኙና «ቲቸር፣ ሦስት ማዕዘን ነው» ይላሉ። አይደለም። አንደኛውንና ሁለተኛውን ነጥብ ማገናኘት ይቻላል፤ ሁለቱም ታችኛው ገጽ ላይ ናቸው። ሁለተኛውንና ሦስተኛውንም ይቻላል፤ ሁለቱም በቀኝ በኩል ያለው ገጽ (ለሐሰረ) ላይ ናቸው። አንደኛውና ሦስተኛው ግን የጋራ ገጽ የላቸውም። የሚያገናኛቸው መስመር በኪዩቡ ሆድ ውስጥ ያልፋል። የቁርጡ ጎን ደግሞ ሁልጊዜ ገጽ ላይ ነው የሚሄደው፤ ሆድ ውስጥ አይገባም።

ታዲያ ምን ይሻላል? ከኪዩቡ መውጣት። ታችኛው ገጽ ላይ የሠራችኋትን መስመር ከለሐ መሐል አሳልፋችሁ አስረዝሟት። የመሐ ጠርዝም ከሐ አልፎ ይርዘም። ሁለቱ ከኪዩቡ ውጭ፣ ከሐ 1 ርቀት ላይ ይገናኛሉ። ይህ የመገናኛ ነጥብ ጠለላችን ላይ ነው። የኋላው ገጽ (መሐሰሸ) ቢለጠጥ እሱም ላይ ነው። ስለዚህ ከኋላው ገጽ ጋር የሚሄዱ ሁለት ነጥቦች አገኘን፦ አዲሱ ነጥብና የሐሰ መሐል። አገናኟቸውና መስመሯን ቀጥሉ። የሰሸን ጠርዝ ልክ መሐሉ ላይ ትመታዋለች።

ከዚህ በኋላ ያለው ቁልቁለት ነው። ትይዩ ገጾች በአንድ ጠለል ሲቆረጡ የሚወጣባቸው መስመርም ትይዩ ነው። ላይኛው ገጽ ላይ ከታችኛዋ ጋር ትይዩ የሆነች መስመር ስታሰምሩ የሸሠን መሐል ታገኛላችሁ። የግራው ገጽ መስመር ከቀኙ፣ የፊተኛውም ከኋላው ጋር ትይዩ ናቸው። ስትጨርሱ ባለ ስድስት ጎን ምስል እጃችሁ ላይ ነው። እያንዳንዱ ጎን √2 ነው። እያንዳንዱ ጥግም ከኪዩቡ እምብርት √2 ይርቃል። ስለዚህ ምስሉ ጎናቸው √2 የሆነ ስድስት ባለ እኩል ጎን ሦስት ማዕዘኖች ድምር ነው። ስፋቱ 3√3።

ያላመነ በውሃ ይሞክረው። ክዳን ያለው፣ ኪዩብ ቅርጽ የሆነ፣ ውስጡ የሚታይ ዕቃ ፈልጉ። ግማሹን ውሃ ሙሉትና በአንድ ጥጉ አቁሙት፤ ተቃራኒው ጥግ ልክ ከበላዩ ይሁን። የውሃው ፊት ባለ ስድስት ጎን ይሆናል። አዘንብሉት፣ አራት ጎን ይሆናል፤ ጎኖቹ ሲለዋወጡ በዓይናችሁ ታያላችሁ። ከየትኛውም ስዕል ይልቅ ይህ ያስተምራል ባይ ነኝ። ልጆቹ ዕቃውን ሲነጣጠቁ ጠረጴዛው መራሱ ግን አይቀርም።

ከዚህች ኪዩብ የምትወለድ አንዲት ጥያቄ አለች፤ ከሁሉ አብልጬ የምወዳት። ኪዩብ ቆርጦ ባለ ሰባት ጎን ማውጣት ይቻላል? አይቻልም። ገጹ ስድስት ነው፤ አንድ ገጽ ደግሞ ከአንድ ጎን በላይ አይሰጥም። ባለ አምስት ጎንስ? ይቻላል። ጎኖቹም ማዕዘኖቹም እኩል የሆኑ ባለ አምስት ጎንስ? አይቻልም። ማረጋገጫው አጭር ነው። የኪዩብ ገጾች ሦስት ትይዩ ጥንዶች ናቸው። ከስድስቱ አምስቱ ከተቆረጡ ቢያንስ ሁለት ጥንድ ሙሉ ለሙሉ ተቆርጧል። ስለዚህ ምስሉ ትይዩ ጎኖች አሉት። ሁሉ ነገሩ እኩል የሆነ ባለ አምስት ጎን ደግሞ ትይዩ የሆኑ ጎኖች የሉትም። አለቀ። አንድ ቁጥር እንኳ አላሰላንም።

ጥያቄው ጠለሉን ራሱ ሲሰጣችሁ እንዲህ ነው። ሳይሰጣችሁ ሲቀር ግን የት እንደሚቆረጥ መምረጥ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ኮን ውስጥ ኳስ ተቀምጧል እንበል፤ መሠረቱንም ጎኑንም ይነካል። በኮኑ ጫፍና በመሠረቱ እምብርት በኩል ሰንጥቁት። ኮኑ ሦስት ማዕዘን ይሆናል፣ ኳሱ ሦስቱንም ጎን የሚነካ ክብ። የመሠረቱ ሬዲየስ 6፣ ከፍታው 8 ከሆነ የሦስት ማዕዘኑ ጎኖች 12፣ 10 እና 10 ናቸው። ስፋቱ 48፣ የዙሪያው ግማሽ 16። የሦስት ማዕዘን ስፋት ለዙሪያው ግማሽ ሲካፈል ሦስቱንም ጎን የሚነካውን ክብ ሬዲየስ ይሰጣል። 48 ለ16 ሲካፈል 3፤ የኳሱ ሬዲየስ ይህ ነው። በየት በኩል ብትሰነጥቁትም ለውጥ የለውም፤ ኮን ዙሪያውን አንድ ነው።

ፒራሚድ እንዲህ ቸር አይደለም። መሠረቱ ጎኑ 6 የሆነ ካሬ፣ ከፍታው 4 የሆነ ፒራሚድ ውሰዱ። ጫፉ ልክ ከመሠረቱ እምብርት በላይ ነው። ውስጡ አምስቱንም ገጾች የሚነካ ኳስ አለ። ሬዲየሱ ስንት ነው? ብዙ ልጅ ቢላዋውን የካሬው ዲያጎናል ላይ ያሳርፋል። አይፈረድበትም፤ ስዕሉ ላይ ቀድሞ ዓይን የሚገባው ዲያጎናሉ ነው። ስሌቱ 1.68 አካባቢ ይሰጣል፣ መልሱም ስህተት ነው። በዲያጎናል ስትቆርጡ የምታገኟቸው ሁለቱ ዘንባላ ጎኖች የፒራሚዱ ጠርዞች ናቸው። ኳሱ ጠርዝ አይነካም፤ የሚነካው ገጽ ነው። ያውም ከጫፉ ወደ መሠረቱ ጎን መሐል በሚወርደው መስመር ላይ። ስለዚህ ቢላዋው በሁለት ትይዩ የመሠረት ጎኖች መሐል ማለፍ አለበት። ያኔ የሦስት ማዕዘኑ ጎኖች 6፣ 5 እና 5 ይሆናሉ። ስፋቱ 12፣ የዙሪያው ግማሽ 8፣ ሬዲየሱ 1.5።

ኳስና ገጽ የሚነካኩበት ጥያቄ ሁሉ እንዲህ ነው። ቢላዋው በኳሱ እምብርትና በመነካኪያ ነጥቡ ይለፍ። ደግነቱ ማጣሪያም አለ። የፒራሚዱን ይዘት በ3 አባዙና ለጠቅላላው የገጽ ስፋት አካፍሉት። ይዘቱ 48፣ የገጾቹ ስፋት ተደምሮ 96 ነው። 144 ለ96፣ 1.5። ይህ ዘዴ ምንም መቁረጥ አይፈልግም። ኳሱ ሁሉንም ገጾች በሚነካበት በማንኛውም ባለ ጠፍጣፋ ገጽ ጠጣር ላይ ይሠራል።

ክሮስ ሴክሽን ፎርሙላም ያወልዳል። ጣሊያናዊው የሒሳብ ሊቅ ቦናቬንቱራ ካቫሊየሪ እ.ኤ.አ. በ1635 ባሳተመው መጽሐፍ የሚታወቅበት ሐሳብ አለ። ሁለት ጠጣር ነገሮች በእያንዳንዱ ከፍታ ላይ ሲቆረጡ የቁርጣቸው ስፋት እኩል ከሆነ ይዘታቸውም እኩል ነው። ሬዲየሱ «ሬ» የሆነ ግማሽ ኳስ ጠረጴዛ ላይ በጠፍጣፋው በኩል አስቀምጡ። ከፍታ «ከ» ላይ ሲቆረጥ የሚወጣው ክብ ስፋቱ ፓይ × (ሬ² − ከ²) ነው። አጠገቡ ሬዲየሱም ከፍታውም «ሬ» የሆነ ሲሊንደር አቁሙ። ከውስጡ ጫፉ ወደ ታች የሆነ ኮን ቦርቡሩለት። እዚያው ከፍታ ላይ ስትቆርጡት ቀለበት ይወጣል። ስፋቱ ያው ፓይ × (ሬ² − ከ²)። ኮኑ የሲሊንደሩን ሲሶ ስለሚወስድ የግማሽ ኳሱ ይዘት የሲሊንደሩ ሁለት ሦስተኛ ነው። በቃል የሸመደዳችሁት የሙሉ ኳስ ይዘት፣ አራት ሦስተኛ ፓይ ሬ³፣ የመጣው ከዚህ ነው።

ቢላዋ የማይጠቅምበት ጊዜም አለ። ጉንዳን ካርቶን ላይ ከጥግ ወደ ተቃራኒው ጥግ በአጭሩ መንገድ ስትሄድ መፍትሔው መቁረጥ ሳይሆን ካርቶኑን መዘርጋት ነው። ልኩ 3፣ 4፣ 5 ከሆነ ሦስት ዓይነት አዘረጋግ ትሞክራላችሁ፤ ትንሹ √74 ነው። አራቱም ገጹ ባለ እኩል ጎን ሦስት ማዕዘን የሆነው ቴትራሄድሮን ሲመጣ ደግሞ ኪዩብ ውስጥ ክተቱት። በእኛ ኪዩብ ላይ ሀ፣ ሐ፣ ረ እና ሸን ብታገናኙ እሱን ታገኛላችሁ። የቴትራሄድሮኑ ጠርዝ 6 ከሆነ የኪዩቡ ጠርዝ 3√2 ነው። ተቃራኒ ጠርዞቹ የሚራራቁት በዚያው በ3√2 ነው። ይዘቱ የኪዩቡ ሲሶ፣ 18√2። በአራቱ ጥጎች የሚያልፈው ኳስ ዲያሜትር 3√6። አንድ ስዕል፣ ሦስት መልስ።

የዓለም አቀፉ የሒሳብ ኦሊምፒያድ እ.ኤ.አ. በ1959 ሩማኒያ ላይ ሲጀመር ስድስተኛው ጥያቄ የሚቆራረጡ ሁለት ጠለሎችን የያዘ ነበር። ዛሬ እዚያ መድረክ ላይ ንጹሕ የጠጣር ጂኦሜትሪ ብርቅ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2007 ሃኖይ (ቬትናም) ላይ የቀረበው ስድስተኛ ጥያቄ በሦስት አውታር ያሉ ነጥቦችን በጠለሎች ስለመሸፈን ቢሆንም፣ መፍቻው አልጀብራ ነው። መልሱ ከ0 እስከ 999 ያለ ሙሉ ቁጥር የሚሆንበት ኤአይኤምኢ (AIME) የተባለው የአሜሪካ የሒሳብ ውድድር ግን ዛሬም ስለ ኪዩብና ስለ ኳስ ይጠይቃል። ለልምምድ የእሱን ያለፉ ዓመታት ጥያቄዎች እመርጣለሁ።

ለመለማመጃ ገበያም ያግዛል። ብርቱካን በመደብ ሲሸጥ ሦስት ከታች፣ አንድ ከላይ ተደርድሮ ታገኙታላችሁ። ሬዲየሳቸው 1 የሆኑ አራት ኳሶች እንዲህ ቢደረደሩ ክምሩ ምን ያህል ከፍ ይላል? ኳሶቹን እርሱና እምብርቶቻቸውን አገናኙ። ጠርዙ 2 የሆነ ቴትራሄድሮን ይወጣል። ከፍታው 2√6/3 ነው። ከታች 1፣ ከላይ 1 ስትጨምሩ 3.63 አካባቢ ይመጣል። አሁን የታችኞቹን ሦስቱን ሬዲየስ 2 አድርጉ፤ እርስ በርስ እንደተነካኩ ይቆዩ። የላይኛው 1 እንደሆነ ይቀመጥ። መልሱ 3 ሲደመር √(11/3) ነው። ሌላ ከወጣላችሁ፣ በላይኛው ኳስና በአንዱ የታችኛው ኳስ እምብርት መካከል ያለውን ርቀት ዳግመኛ ተመልከቱ። 2 አይደለም፣ 4ም አይደለም።