«አዳኝ ጆርናል» ምንድን ነው?

የምርምር ጽሑፍ አንድ ጊዜ ያሳተመ ሰው ሁሉ ይህን ኢሜይል ያውቀዋል። «የተከበሩ ፕሮፌሰር» ብሎ ይጀምራል። ተቀባዩ ትናንት ማስተርሱን የጨረሰ ሌክቸረር ቢሆንም ፕሮፌሰር ነው። ሥራዎን አንብበን እጅግ ተደንቀናል ይላል። ለሚቀጥለው እትማችን አንድ ጽሑፍ ብቻ ጎድሎናል፣ እስከ ዓርብ ይላኩልን፣ ውጤቱን በአምስት ቀን እናሳውቅዎታለን ይላል። ጆርናሉ፣ ማለትም የምርምር ጽሑፎችን የሚያወጣው መጽሔት፣ የጥርስ ሕክምና ነው። ተቀባዩ ደግሞ የአፈር ተመራማሪ።

እንዲህ ዓይነቶቹን ጆርናሎች የውጭዎቹ «ፕሬዳተሪ» ይሏቸዋል። እኛ «አዳኝ ጆርናል» እንበላቸው። ቃሉን በጻፍኩት ቁጥር አንድ ነገር ይከነክነኛል። በአማርኛ ያደነም፣ ያዳነም «አዳኝ» ነው። ፊደሉ አይለያቸውም። እነዚህም ጆርናሎች አመጣጣቸው እንደዚያው ነው። ለደረጃ እድገት ሁለት ጽሑፍ የጎደለው መምህር፣ ዲፌንሱ (የመመረቂያ ጥናቱን ፈታኞች ፊት የሚያቀርብበት ቀን) በአንድ ፐብሊኬሽን የተያዘበት የዶክትሬት ተማሪ፣ ኢሜይሉ ሲደርሰው የሚታየው የሚያድነው እንጂ የሚያድነው ሌላኛው አይደለም። አሁንም ፊደሉ አልለየልኝም፤ ነገሩ ግን ገብቷችኋል።

አዳኝ ጆርናል ማለት የሳይንስ ጆርናል መስሎ ገንዘብ የሚቀበል፣ ጆርናልን ጆርናል የሚያደርገውን ሥራ ግን የማይሠራ አሳታሚ ነው። ያ ሥራ ግምገማ ነው።

በደህና ጆርናል ጽሑፉ መጀመሪያ ኤዲተሩ ጋ ይደርሳል። ኤዲተሩ ካመነበት በዚያው ሙያ ውስጥ ላሉ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ይልከዋል። ይህ የአቻ ግምገማ ወይም ፒር ሪቪው የሚባለው ነው። ገምጋሚዎቹ አብዛኛውን ጊዜ አይከፈላቸውም። ማንነታቸውንም ጸሐፊው ብዙ ጊዜ አያውቅም። ቁጭ ብለው ያነባሉ። ናሙናው ለምን አነሰ? ማነጻጸሪያው የታለ? ይህ ድምዳሜ ከዚህ ሠንጠረዥ እንዴት ወጣ? ይላሉ። ወራት ይፈጃል። ብዙ ጊዜ መልሱ «አልተቀበልነውም» ነው። ያማል። እኔ ግን ጽሑፍን የሚያሻሽል ከዚህ የተሻለ ነገር አላየሁም። ግምገማው ስህተት ሁሉ ይይዛል ማለት አይደለም፤ ብዙ ያመልጠዋል። ቢሆንም ሌላ ሰው፣ ያውም ሙያውን የሚያውቅ ሰው፣ ከአንባቢው በፊት አይቶታል። አዳኙ ጆርናል የሚሸጠው «ታይቷል» የሚለውን ማኅተም ነው። ማንም ሳያየው።

ነገሩ እንዴት ተጀመረ? ድሮ ለጆርናል የሚከፍለው አንባቢው ነበር፤ በተለይ የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት። ዋጋው ውድ ስለነበር አዲስ አበባም ሆነ ጎንደር ያለ ተመራማሪ በገዛ ሙያው የወጣውን ጽሑፍ ማንበብ አይችልም ነበር። በ2000ዎቹ መጀመሪያ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኦፕን አክሰስ የሚባለው እንቅስቃሴ በረታ። ጽሑፉ ለዓለም ሁሉ በነጻ ይከፈት፣ ወጪውን ጸሐፊው ወይም የጸሐፊው ተቋም ይሸፍን ተባለ። ይህ ለእኛ ትልቅ በረከት ነው። ግን አሠራሩ አንድ ፈተና ይዞ መጣ። ገቢው በተቀበልከው ጽሑፍ ልክ ከሆነ፣ አንድ ጽሑፍ መመለስ ገንዘብ መመለስ ነው። ስሙን የሚጠብቅ አሳታሚ ይህን ፈተና ይቋቋማል። የሚጠብቀው ስም የሌለው ግን ለምን ብሎ ይመልሳል?

ስለዚህ ልብ በሉ፤ ክፍያ መጠየቅ ብቻውን ጆርናልን አዳኝ አያደርገውም። እጅግ የተከበሩ ጆርናሎችም ያስከፍላሉ።

ስያሜውን በ2010 አካባቢ ያወጣው ጄፍሪ ቢል ነው። አሜሪካ ውስጥ በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ዴንቨር የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ነበር። የሚጠረጥራቸውን አሳታሚዎች ስም ዝርዝር በድረ ገጹ ያወጣ ነበር፤ በጥር 2017 ዝርዝሩን አነሳው። ዝርዝሩ ብዙ ሰው ከወጥመድ አስጥሏል። ነቀፌታም ነበረበት። የአንድ ሰው ፍርድ ስለሆነና በድሃ አገሮች ያሉ ትንንሽ ግን ቅን ጆርናሎችንም በጥርጣሬ ዓይን የማየት አዝማሚያ ስለነበረው። ይህ ነቀፌታ ትክክል ይመስለኛል። ድረ ገጹ ያላማረ ጆርናል ሁሉ ሌባ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ታሪክ ልግባ። ጎረቤታችን አስመራም ስሟ ተነስቶበታል።

በ2013 ጆን ቦሃነን የተባለ የሳይንስ ጋዜጠኛ አንድ የሐሰት ጽሑፍ አዘጋጀ። ጸሐፊው «ኦኮራፉ ኮባንጌ» የሚባል ባዮሎጂስት ነው ተባለ። የሚሠራው አስመራ በሚገኘው «ዋሴ የሕክምና ኢንስቲትዩት»። ሰውየው የለም። ኢንስቲትዩቱም የለም። ጽሑፉ የሚለው፣ ድንጋይና ዛፍ ላይ ተለጥፎ ከሚያድገው ላይከን የተገኘ አንድ ንጥረ ነገር የካንሰር ሴሎችን እድገት ይገታል ነው። ቦሃነን የሞለኪውሉን፣ የላይከኑንና የሴሉን ስም እየቀያየረ ያንኑ ጽሑፍ ለ304 ኦፕን አክሰስ ጆርናሎች ላከ። እንግሊዝኛው አፍ የፈታበት ሰው እንዳይመስል ጽሑፉን በጉግል ወደ ፈረንሳይኛ አስተርጉሞ መልሶ ወደ እንግሊዝኛ አመጣው።

ስህተቱ የተደበቀ አልነበረም። ጽሑፉ መድኃኒቱ በጨመረ ቁጥር ውጤቱ ይጨምራል ይላል፤ ግራፉ ግን ያንን አያሳይም። ይባስ ብሎ መድኃኒቱ የተበጠበጠው ብዙ አልኮል ባለበት ፈሳሽ ነው፤ ማነጻጸሪያዎቹ ሴሎች ግን አልኮል የሚባል አልነካቸውም። እንግዲህ ሴሉን የጎዳው መድኃኒቱ ይሁን አልኮሉ በምን ይታወቃል? የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ የሚይዘው ስህተት ነው።

157 ጆርናሎች ተቀበሉት። 98ቱ መለሱት። የቀሩት ወይ ድረ ገጻቸው የተተወ ነበር፣ ወይ ገና አልወሰኑም። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን ሌላ ቁጥር ነው። ከ304ቱ ውስጥ የጽሑፉን ሳይንሳዊ ችግር አይቶ አስተያየት የሰጠ ገምጋሚ የተገኘው በ36ቱ ላይ ብቻ ነው። ከነዚህም ውስጥ 16ቱ ጆርናሎች ችግሩ ተነግሯቸው እንኳ ጽሑፉን ተቀበሉ።

ቦሃነን የኢሜይሎቹንና የባንክ ሒሳቦቹን ዱካ ሲከተል ደግሞ ስማቸው «የአሜሪካ» ወይም «የአውሮፓ» ብሎ የሚጀምር ጆርናሎች ከሌላ አህጉር ሲሠሩ አገኘ፤ በተለይ ከህንድ። ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ የሚባለው እዚህ ላይ ነው።

ፕሎስ ዋን የሚባለው፣ ከጸሐፊ ክፍያ የሚቀበለው ትልቅ ጆርናል ጽሑፉን በጥንቃቄ መርምሮ መልሶታል። በአንጻሩ ኤልሰቪየርና ሴጅ በተባሉት ትልልቅ አሳታሚዎች ስም የሚወጡ ጆርናሎች ተቀብለውታል። ቦሃነን ጽሑፉን አንባቢ ለሚከፍልባቸው ጆርናሎች ስላልላከ፣ እነሱ ይሻላሉ ብሎ መደምደም አይቻልም። ይህን ሳይጠቅሱ ታሪኩን የሚያወሩ ሰዎች ራሳቸው ማነጻጸሪያ ረስተዋል።

በደህናውና በአዳኙ መካከል ያለው ድንበርም አንድ ቦታ አይቆምም። በዚያ ፈተና ሂንዳዊ የተባለው አሳታሚ ጽሑፉን መልሶ አልፏል። በ2021 ዋይሊ የተባለው ግዙፍ አሳታሚ በ298 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። ከዚያ የተቀነባበሩ ጽሑፎችና የሐሰት ግምገማዎች በጅምላ እየገቡበት መሆኑ ታወቀ። በ2023 ብቻ ከ8,000 በላይ ጽሑፎች ከታተሙ በኋላ ተሰረዙ። ዋይሊም ሂንዳዊ የሚለውን ስም ተወው። ስለዚህ «ይህ አሳታሚ ደህና ነው» የሚለው ፍርድ የዛሬ ፍርድ እንጂ የዘላለም አይደለም።

ደግሞ ይህ የድሃ አገር ተመራማሪ ችግር ብቻ ተደርጎ ሲወራ ያናድደኛል። በ2018 የጀርመን ጋዜጠኞች ባደረጉት ምርመራ ከ5,000 በላይ የጀርመን ተመራማሪዎች እንዲህ ባሉ አሳታሚዎች ጋ ጽሑፍ ማውጣታቸው ተገልጿል። ገንዘቡ የመጣውም በከፊል ከግብር ከፋዩ ነው።

እኛ ጋ ግን ዱላው የሚያርፍበት ሰው ሌላ ነው። ደመወዙ በብር ነው። ክፍያው በዶላር ነው። የደረጃ እድገት ከሌክቸረር ወደ ረዳት ፕሮፌሰር፣ ከዚያም ወደ ተባባሪ ፕሮፌሰር ሲሄድ በታተመ ጽሑፍ ይመዘናል። መመዘኑ ባልከፋ። ችግሩ መመዘን ወደ መቁጠር ሲወርድ ነው። ኮሚቴው ጽሑፉን ከማንበብ ይልቅ ስንት እንደሆነ ከቆጠረ፣ ለአዳኙ ገበያውን የከፈተለት ኮሚቴው ነው። ወጣቱን መምህር ብቻ መውቀስ አይገባም። እኔ ብሆን አንድ ነገር አስቀድም ነበር፤ እጩው ከሁሉ የሚኮራበትን አንድ ጽሑፍ ይምረጥ፣ ኮሚቴው ቁጭ ብሎ እሱን ያንብብ።

ጉዳቱ ከተመራማሪው አልፎ ወደ ቤታችን ይገባል። አንድ ቅጠል ስኳር በሽታን ያድናል የሚል ቪዲዮ ስልካችሁ ላይ ይመጣል። «በጥናት ተረጋግጧል» ይላል፤ ጽሑፉም ይታያል፤ የጆርናል ስም አለው፣ ቁጥር አለው። ማንም ያልገመገመው ጽሑፍ ከተገመገመው ጋር መልኩ አንድ ነው። እናቱ መድኃኒቷን አቁማ ቅጠሉን እንድትወስድ የሚመክር ልጅ በምን ይለየው?

እንግዲህ በምን ይለያል? እኔ የምጀምረው ከኤዲተሮቹ ነው። ስማቸው የተዘረዘረውን ሰዎች አንዱን በዩኒቨርሲቲው ድረ ገጽ ፈልጉት፤ ኢሜይል ጻፉለት። ኦሚክስ የተባለውን፣ ዋና መቀመጫው ሃይደራባድ የሆነውን አሳታሚ የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን በ2016 ሲከስ፣ ካቀረባቸው ነጥቦች አንዱ ሰዎችን ሳይስማሙ ኤዲተር ብሎ መዘርዘሩ ነበር። ክፍያውን ጽሑፉ እስኪገባ ድረስ መደበቁና ልውጣ ያለውን አለመልቀቁም ተነስቷል። በ2019 ፍርድ ቤቱ ከ50 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዲከፍል ወሰነበት። ፖላንዳውያን ተመራማሪዎች ደግሞ «አና ሹስት» የምትባል የሌለች ምሁር ፈጥረው ለ360 ጆርናሎች ኤዲተር ልሁን ብለው አመለከቱ። የቤተሰብ ስሟ የተወሰደው በፖላንድኛ አጭበርባሪ ማለት ከሆነው ቃል ነው። 48 ጆርናሎች ተቀበሏት።

አይኤስኤስኤን ቁጥር ስላለው አትታለሉ፤ እሱ መለያ ቁጥር እንጂ የጥራት ምስክር አይደለም። የምርምር ጽሑፎች መፈለጊያ በሆነው ጉግል ስኮላር ላይ መገኘቱም እንደዚያው። «ኢምፓክት ፋክተራችን (ጽሑፎቻችን በአማካይ ስንት ጊዜ እንደሚጠቀሱ የሚያሳየው ቁጥር) ይህን ያህል ነው» ካሉ፣ እውነተኛውን የሚያወጣው ክላሪቬት የተባለው ድርጅት ነው፤ ተመሳሳይ ስም ያላቸው የውሸት መለኪያዎች ሞልተዋል። ጆርናሉ ዶአጅ በሚባለው የኦፕን አክሰስ ጆርናሎች ማውጫ ውስጥ መኖሩን እዩ። የታወቀ ጆርናል ስም ሰርቆ አስመስሎ የተሠራ ድረ ገጽም ስላለ፣ ኢሜይሉ ላይ ባለው ሊንክ አትግቡ፤ ራሳችሁ ፈልጋችሁ ግቡ። በአምስት ቀን ግምገማ ቃል የሚገባን ጆርናል ደግሞ እኔ ወዲያውኑ እዘጋዋለሁ።

ገንዘብ የለኝም ማለት ደግሞ መንገድ የለም ማለት አይደለም። ብዙ ትልልቅ አሳታሚዎች እንደ ኢትዮጵያ ካሉ ዝቅተኛ ገቢ ካላቸው አገሮች ለሚጽፉ ክፍያውን ይተዋሉ ወይም ይቀንሳሉ፤ ግን ጽሑፉን ስትልኩ አስቀድማችሁ መጠየቅ አለባችሁ። አገር ውስጥም ከ1962 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ጀምሮ የሚወጣው የኢትዮጵያ ሜዲካል ጆርናል፣ ከጅማ ዩኒቨርሲቲ የሚወጣው የኢትዮጵያ ጤና ሳይንስ ጆርናልና ሌሎችም አሉ።

አንዴ የገባችሁበትስ? ገና ካልከፈላችሁ አትክፈሉ። የባለቤትነት መብት ማስተላለፊያ ፎርም ካልፈረማችሁ አትፈርሙ። ጽሑፌን አውጥቻለሁ ብላችሁ በጽሑፍ አሳውቋቸው፤ «የመሰረዣ ክፍያ» ይጠይቋችሁ ይሆናል፣ አትደንግጡ። የደብዳቤውን ቅጂ ያዙ። ከዚያ ጽሑፉን ለደህና ጆርናል ስትልኩ የሆነውን ለኤዲተሩ ከመጀመሪያው ንገሩት፤ ደብዳቤውንም አያይዙለት።